ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ጾሙ ሁሉ አንድ አይደለም

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ባለፈው እትማችሁ የአስተስርዮን (የዮም ኪፑርን) ጾም መግቢያና መውጫ ሰዓት ስታወጡ ከሥሩ «ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶችም ይጾማሉ» ብላችሁ በአንድ መስመር አልፋችሁታል። ሐሰት አይደለም። ግን ነገሩ እዚያ ላይ አያልቅም። የቀረውን ካልነገራችሁን ደግሞ ሕጉን የሚያስፈጽመው የጎረቤት ዓይን ይሆናል።

እንደ ሃላኻው፣ ማለትም እንደ አይሁድ ሕግ፣ ከማታ እስከ ማታ የሚጾሙት ሁለት ናቸው፤ አስተስርዮና ቲሻ በአብ (የቤተ መቅደሱ መፍረስ የሚታሰብበት)፣ 25 ሰዓት ገደማ። በእነዚህ ነፍሰ ጡርም የምታጠባም ጤነኛ ከሆነች ትጾማለች፣ የሕግ መጽሐፉ ሹልሃን አሩኽ በግልጽ አስቀምጦታል። ጾመ ጌዳልያ፣ የቴቬት ወር 10፣ የአስቴር ጾምና የታሙዝ ወር 17 ግን ሌላ ናቸው። እነሱን የመጾም ግዴታ የለባትም። በአሽከናዝ (መነሻቸው አውሮፓ በሆኑ አይሁድ) በኩል ካልከበዳት ትጹም የሚል ልማድ አለ፣ ብዙ የስፋራድ (መነሻቸው ስፔንና ምሥራቅ የሆኑ አይሁድ) ራቢዎች ግን ነጻ ናት ብለው ይዘጉታል። እኔ ሁለተኛዋን ልጄን ሳጠባ፣ በጾመ ጌዳልያ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ውኃ ስጠጣ ያዩኝ አንዲት እናት «ምነው ልጄ፣ አገር ቤት እንዲህ ነበርን?» ብለውኛል። ምን ይባላል? አንገቴን ደፍቼ ጠርሙሱን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

አራስስ? ከወለደች እስከ 3 ቀን በአስተስርዮም ቢሆን አትጾምም። ከዚያ እስከ 7ኛው ቀን ያስፈልገኛል ካለች ትበላለች፣ ማንም አይከራከራትም። በቲሻ በአብ ደግሞ እስከ 30 ቀን ነጻ ናት። ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን አራስ ለይቶ ሲጠብቅ ለኖረ ለቤተ እስራኤል፣ ለኛ ለኢትዮጵያ አይሁድ፣ ይሄ እንግዳ መሆን አልነበረበትም።

የእርጉዝን ነገር የጥንቶቹ ሊቃውንት ከኛ በላይ ያውቁት ነበር። ምግብ ሸትቷት አምሯት ከተጨነቀች «ዛሬ አስተስርዮ ነው» ብላችሁ በጆሮዋ ሹክ በሏት ይላሉ፤ ካልተረጋጋች ግን እስክትረጋጋ ትበላለች። በሽተኛም ያስፈልገኛል ካለ፣ 100 ሐኪም አያስፈልገውም ቢል የሚሰማው በሽተኛው ነው።

ሌላው በደንብ ያልተነገረን ሺዑሪም፣ በጾም ቀን በትንሽ ልክ እየሰፈሩ መብላትና መጠጣት፣ ነው። እርግዝናዋ የሚያሰጋና ሐኪሟና ራቢዋ መጾም የለብሽም ያሏት ሴት፣ የሚበቃት ከሆነ፣ በጥቂት በጥቂቱ ትወስዳለች፤ መጠጡ ከ40 ሚሊ ሊትር በታች፣ ምግቡም በዚያው መስፈሪያ ከ30 በታች፣ በየ9 ደቂቃው። የልጆች ሽሮፕ መስፈሪያ አለች አይደል፣ ምልክት ያለባት፣ እሷን ከዋዜማው አዘጋጅቶ ማስቀመጥ ነው። ለጤነኛዋ የተሰጠ ፈቃድ አይደለም፣ እዚህ ላይ አደራ። ምጥ የሚመስል ቁርጠት ከመጣ፣ ደም ከታየ ወይም ልጁ መንቀሳቀሱን ከቀነሰ ግን መስፈር የለም፤ ጠጥቶ ቀጥታ ሆስፒታል፣ አስተስርዮ ነው ሳይሉ በመኪናም ቢሆን።

ለባሎችም አንድ ነገር ልበል። ተኝታ ብትውል ጾሟን የምትፈጽም ሴት፣ ስድስት ሰዓት ሙሉ ልጆች ስታባርር ከዋለች አትችልም። ስለዚህ ራቢዎቹ ምኩራቡ ይቅርብህና ልጆቹን ያዝ ነው የሚሉት። የኔው ባል ይሄን ስነግረው «ማን ነው ያለው?» አለ። ደውሎ ራቢያችንን ጠየቀ። መልሱ ያው ነበር።

ከአስተስርዮ በፊት ገና አንድ እትም ይቀራችኋል። ሴቶቹ ከወዲሁ ኩፓት ሆሊም (የጤና መድን ክሊኒካቸው) ሄደው ሐኪማቸውን፣ ከዚያም ራቢያቸውን ወይም ቄሳቸውን (የቤተ እስራኤል ካህናቸውን) እንዲጠይቁ፣ ቡናቸውንም ካሁኑ እየቀነሱ እንዲመጡ (ድንገት ሲቋረጥ ራስ ምታቱ አይጣል ነው) ከሰዓቱ ሠንጠረዥ ጎን ጻፉልን። ቦታ ከጠበባችሁ ከዕቃ ማስታወቂያዎቹ አንዱን አንሱት።

የሦስት ልጆች እናት፣ ከነታንያ