ለአባ ሳትነግሪ ወደ ውሃው እንዳትቀርቢ (ደብዳቤ ለልጄ)

አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ

ልጄ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ። ይህንን በስልክ ባነሳብሽ እንደ ልማዳችን ሳንጨርሰው ስለምንኳረፍ በጽሑፍ አድርጌዋለሁ፤ እንግዲህ እስከ መጨረሻው ታነቢኛለሽ።

አክስትሽ ሰሞኑን ደውላልኝ ነበር። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ለጥምቀት መመዝገብሽንና በመዝገቡም ላይ «ያልተጠመቀች» ተብለሽ መጻፍሽን ከወንድምሽ መስማቷን ከነገረችኝ በኋላ ጥቂት ዝም ብላ፣ «እቴቴ እኮ ክርስትና አስነስታታለች» አለችኝ። አክስትሽ በቦታው አልነበረችም፤ የሰማችው አያትሽ እቴቴ ከመሞቷ በፊት አልጋ ላይ ሳለች ነው። ቆመው ያዩ፣ ክርስትና እናትም የሆኑሽ ግን ከግቢያችን በላይ የነበሩት ጎረቤታችን ናቸው አለች። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ የምልሽ ይህንን ነው፤ ለሚያስተምሩሽ አባ ይህን ነገር ሳትነግሪ ወደ ውሃው እንዳትቀርቢ።

እኔ የእምነት ሰው እንዳልሆንኩ ታውቂያለሽ። ሆኖም ዕድሜዬን በማተሚያ ቤት የሰው ጽሑፍ ሳርም ስለኖርኩ፣ ከማርመውም ውስጥ የሃይማኖት መጻሕፍት ጥቂት ስላልነበሩ፣ ሥርዓቱን ከአንዳንድ አማኝ የተሻለ አውቀዋለሁ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የኦርቶዶክስን ጥምቀት ትቀበላለች። በውሃ፣ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም የተጠመቀን ሰው ዳግመኛ አታጠምቅም፤ እቴቴ በየጠዋቱ የምትደግመው ጸሎተ ሃይማኖት «ወነአምን በአሐቲ ጥምቀት» የሚለውን ሁለቱም ወገኖች እኩል ይሉታል። ከዚህም ሌላ በእኛ አገር ሕፃን ክርስትና ሲነሳ ያኔውኑ ሜሮን ይቀባል፣ ይቆርባልም። የአክስትሽ ወሬ እውነት ከሆነ እንግዲህ በትንሣኤ ሌሊት በአንድነት ልትቀበያቸው ከምትዘጋጂባቸው ሦስት ምሥጢራት ጥምቀቱና ሜሮኑ አስቀድመው ተፈጽመውልሻል፤ የሚቀርሽ የእምነት ቃልሽን ሰጥተሽ መግባትና መቁረብ ነው። የምትቆጠሪውም ከካቶሊክ ሥርዓቶች በላቲኑ (በሮማው) ሳይሆን እንደ ኦርቶዶክሱ በሚቀድሰው በግዕዙ ይሆናል፤ ይህን ደግሞ ብትሰማ እቴቴ ትስቅ ነበር።

እውነቱን ማግኘት ካልተቻለም ቤተ ክርስቲያኒቱ መላ አላት። ነገሩ በሚገባ ተመርምሮ ጥርጣሬው አልጠፋ ሲል ካህኑ «ያልተጠመቅሽ እንደሆነ» የሚል ቃል ጨምረው ያጠምቃሉ። ይህ ግን ከምርመራ በኋላ የሚደረግ ነው፤ አባም የሚመረምሩት ሲነገራቸው ነው።

ምናልባት «አባዬ፣ ለአንድ ወሬ ይህን ያህል!» ትይኝ ይሆናል። ወሬ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ። የተወለድሽው በሚያዝያ 1989 ነው፤ ሰማንያ ቀንሽ የሞላው በሐምሌ መግቢያ፣ እኔ ለሥራ ወደ ጅማ በሄድኩበት ክረምት ነው። ስመለስ አንገትሽ ላይ ከሦስት ቀለም ክር የተገመደ ማተብ አገኘሁ። «ምንድን ነው ይህ?» ብል እቴቴ «ለዓይን ነው፣ ልጅቷ ቀይ ናት» አለችኝ። እናትሽ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ያኔ ሲያድጉ ይምረጡ ባይ ነበርኩ፤ ከተማሪነቴ ያመጣሁት ሐሳብ ነበር፣ በእሱም እኮራ ነበር። መቀስ አምጥቼ ቆረጥኩት። እቴቴ ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ጎንበስ ብላ ክሩን ከምንጣፉ ላይ ለቀመችና በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ከዚያ በኋላ «አስጠምቀሻታል ወይ?» ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋትም። ብጠይቃት አትዋሸኝም ነበር፤ ያልጠየቅኋትም ለዚሁ ይመስለኛል።

አሁን እሷ የለችም፤ እናትሽም የለችም። የቀሩት እኚያ ጎረቤታችን ናቸው። የድሮ ሰፈራችን ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ወደ ገላን ጉራ ሄደዋል፤ የድሮው ስልካቸው አይሠራም፣ የሚኖሩበትን ሕንፃ ግን አክስትሽ ታውቀዋለች። ሄደሽ በእግራቸው ሥር ተቀምጠሽ ጠይቂያቸው። በቤተ ክርስቲያኒቱ ሕግ፣ ማንንም የማይጎዳ ከሆነ፣ ጥምቀትን ለማስረዳት የአንድ ታማኝ ምስክር ቃል ይበቃል። የክርስትና ስምሽን ጠይቂያቸው፤ ወለተ ማን እንደተባልሽ እኔ አባትሽ አላውቅም። ስሙን ካገኘሽ ወደ አራዳ ጊዮርጊስ ወርደሽ ከጽሕፈት ቤቱ መዝገቡን አስፈልጊ፤ እቴቴ ከጊዮርጊስ ሌላ የምትሄድበት ደብር አልነበራትም። የልደት ምስክር ወረቀትሽንና መታወቂያሽን ያዢ። መዝገብ ባይገኝ አትደንግጪ፣ ተቆጥተሽም አትውጪ፤ የጠየቅሽበትን ቀንና ያነጋገርሽውን ሰው ጽፈሽ ያዢና እሱንም ለአባ አሳዪያቸው።

ያሳየሽኝን የትምህርት ወረቀት አንብቤዋለሁ። ሳይቸኩሉ ማስተማራቸውን ወድጄላቸዋለሁ። የዐዋቂዎች ጥምቀት ሥርዓት ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1972 ሲታደስ፣ በጥንቱ ዘመን እንደነበረው ንኡሰ ክርስቲያኑ (ለጥምቀት የሚዘጋጀው ሰው) ደረጃ በደረጃ እንዲሄድ ተደርጓል፤ በዓቢይ ጾም የመጀመሪያ እሑድ ስሙ በተመረጡት መዝገብ ይጻፋል፣ በሦስተኛው፣ በአራተኛውና በአምስተኛው እሑድ ደግሞ የሳምራዊቷ ሴት፣ ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰውና የአልዓዛር ወንጌል እየተነበበ ይጸለይለታል። ይህ ሁሉ የተሠራው ላልተጠመቀ ሰው ነው። ከተጠመቅሽ መንገድሽ ሌላ፣ ምናልባትም አጭር ነው። አንዴ ስምሽ በሕዝብ ፊት ከተጠራ በኋላ ግን «ቆይ፣ ለካ ተጠምቄያለሁ» ማለት ያሳፍርሻል፤ አንቺን ደግሞ አውቅሻለሁ፣ ካፈርሽ ዝም ትያለሽ። ስለዚህ ዛሬ ነገ ሳትይ ንገሪያቸው።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ከተቀበሉ በኋላ በ1625 የመጣው የካቶሊክ ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ፣ ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱም እንደገና ይካኑ ብሎ ተነሣ። ያንን ሁሉ ደም ያፋሰሰው ይህ ብቻ ነው አልልሽም፤ ለአንድ ባላገር ግን አባቱም እናቱም የተጠመቁት ጥምቀት ከንቱ ነበር ማለት ምን እንደሆነ አስቢው። ንጉሡ በ1632 የቀደመውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። የዛሬዋ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ያንን መንገድ ትታዋለች። እቴቴ ከእኔ ተደብቃ፣ በክረምት ዝናብ አቅፋሽ ሄዳ የፈጸመችውን ነገር አንቺ እንዳልነበረ እንድታደርጊው አልፈልግም። እንዲህ ስል የማላምን ሰው መሆኔን አትርሺ፤ እኔም ሳነበው ይገርመኛል።

ወንድምሽን ክርስትና አባት አደርገዋለሁ ማለትሽን ተዪው፤ ያልተጠመቀ ሰው ለዚህ አይቆምም። የሚቆመው ቢያንስ 16 ዓመት የሞላው፣ ሜሮን የተቀባና የቆረበ ካቶሊክ ነው፤ አባትም እናትም መሆን አይችሉም፣ ስለዚህ እኔን ከመጀመሪያው አታስቢኝ። ጥምቀቱ የሚፈጸም ከሆነ ግን አክስትሽ ኦርቶዶክስ ብትሆንም ከአንድ ካቶሊክ ጋር አብራ ልትቆም ትችላለችና አባን ጠይቂላት። አኩርፋለች፤ ብትጠሪያት ኩርፊያው ይበርዳል።

ስለ እጮኛሽ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ካቶሊክ መሆኑ መልካም ነው፤ ለሠርግ ብለሽ ግን እንዳታደርጊው። የጳጳሱ ፈቃድ ከተገኘ ካቶሊክ ያልተጠመቀም ሰው ማግባት ይችላል፤ የሚያስገድድሽ የለም። ባለፈው እሑድ ስለ ጸሎት ስትነግሪኝ ፊትሽን አይቼዋለሁ፤ ለሠርግ ብለሽ እንዳልሆነም ገብቶኛል። ደስ ብሎኛል፣ ምን ብዬ እንደምነግርሽ ግን አላወቅሁም።

ወደ ገላን ጉራ ስትሄጂ ያልተቆላ ቡናና ስኳር ያዢላቸው፤ ጥርስ ስለሌላቸው ዳቦው ለስላሳ ይሁን። ጆሯቸውም ደክሟል፣ ቀስ ብለሽ ጮክ በይ። አክስትሽ ቅዳሜ ከሰዓት ይመቸኛል ብላለች፤ ከመገናኛ አብራችሁ ተሳፈሩ። ለአባ ግን ቅዳሜን አትጠብቂ፤ ሐሙስ ትምህርት ስትገቢ፣ ሌሎቹ ሳይመጡ ቀደም ብለሽ ደርሰሽ ንገሪያቸው።

አባትሽ