በረዶ ሁሉ አንድ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው ሳምንት ስለ አንታርክቲካ ያወጣችሁትን ዘገባ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የደጋገምኩት ምናልባት የተሳሳትኩት እኔ እሆናለሁ ብዬ ነው። አልተሳሳትኩም። «የባሕሩ በረዶ ቀልጦ ሲያልቅ ውቅያኖሶች በ58 ሜትር ከፍ ይላሉ» ብላችኋል። ይህ ስህተት ነው፤ ደግሞም የአንድ ቃል ስህተት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ብዬ ባለፍኩ።

የባሕር በረዶ የሚባለው ውቅያኖሱ ራሱ በክረምት ሲረጋ የሚፈጠረው ሽፋን ነው። ውፍረቱ ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሜትር ቢሆን ነው። ድሮም ውሃው ላይ ተንሳፍፏል፣ ስለዚህ ቢቀልጥ የባሕሩን ከፍታ ይህን ያህል አይለውጠውም። 58 ሜትር የምትሉት የሌላ በረዶ ቁጥር ነው። የብስ ላይ የተቀመጠው፣ በአማካይ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው፣ በረዶ በበረዶ ላይ እየተጫነ ስንት ዘመን የተከመረው ግግር ነው። እሱም ሙሉ በሙሉ ይቅለጥ ቢባል የሺዎች ዓመታት ጉዳይ ነው። ይህቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመጨመር ቦታ ጠፋ?

እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ። በየዓመቱ ብርጭቆ፣ ውሃና በረዶ ይዤ ክፍል እገባለሁ። በረዶው ይሟሟል፣ ውሃው ከምልክቱ አያልፍም፣ ተማሪዎቹ በዓይናቸው ያያሉ። ዘንድሮ አንዷ ተማሪዬ ዘገባችሁን ስልኳ ላይ ከፍታ «መምህር፣ እዚህ ላይ ግን እንደዚህ አይልም» አለችኝ። ለእሷ አልተናደድኩም፣ ማንበቧ ደስ ብሎኛል። የተናደድኩት በእናንተ ነው። ያኑ ቀን ጻፍኩላችሁ፣ መልስ የለም። ደግሜ ስጽፍ «ለአንባቢ እንዲቀል ብለን ነው» አላችሁኝ። ማቅለል እኮ የእኔም ሥራ ነው! ቀለል ማድረግና ማሳሳት ግን ይለያያል። በዚያ ሁሉ ገጽ ላይ ባለሥልጣን እየተፈለገ ሲጠየቅ፣ ይህን ነገር በየቀኑ ለልጆች የሚያስረዳ አንድ መምህር የሚጠይቅ ጠፋ።

ልዩነቱ ለምን እንደሚያንገበግበኝ ልንገራችሁ። በሁለቱ መሃል ሦስተኛ በረዶ አለ፦ ከየብስ ተንሸራቶ ወጥቶ፣ ሳይቆረጥ ባሕሩ ላይ የተንሳፈፈው ጫፍ። እ.ኤ.አ. በ2002 ላርሰን ቢ የሚባለው እንዲህ ያለ ጫፍ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ 3,250 ካሬ ኪሎ ሜትሩ ተሰባበረ። ተንሳፋፊ ስለነበር እሱ ራሱ ባሕሩን ከፍ አላደረገም። ግን ከኋላው ያሉትን ግግሮች ደግፎ የያዘው እሱ ነበር። ድጋፉ ሲነሳ ግግሮቹ ወደ ባሕር የሚወርዱበት ፍጥነት በጣም ጨመረ። ትዌይትስ በተባለው ግዙፍ ግግር ላይም ፍርሃቱ ይኸው ነው። እሱ ብቻውን ባሕሩን በ65 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ የሚያደርግ በረዶ ይዟል፣ ሞቅ ያለ የባሕር ውሃም ከሥሩ እየሰረሰረው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ተመራማሪዎች 600 ሜትር የሚጠጋ በረዶ በሙቅ ውሃ ቀድደው ሮቦት ወደ ታች የላኩት ይህንኑ ለማየት ነው። በእናንተ ዘገባ ላይ ስለዚህ ሥራ አንድ መስመር የለም፤ የፔንጉዊን ፎቶ ግን አራት አለ።

ርዕሳችሁ ደግሞ «የሩቅ አገር ችግር» ይላል። ይሄ ከሁሉ ይብሳል። ያን የሚያህል ግግር በስበቱ የባሕሩን ውሃ ወደ ራሱ ይጎትታል። በረዶው ሲቀንስ ስበቱም ይላላል፣ በአጠገቡ ያለው ባሕር ዝቅ ይላል፣ ውሃው ወደ ሩቅ ይሄዳል። ስለዚህ የአንታርክቲካ በረዶ ሲጎድል ባሕሩ ከአማካዩ በላይ ከፍ የሚልባቸው ከዚያ እጅግ የራቁ ዳርቻዎች ናቸው። ሩቅ መሆን እዚህ ላይ መከለያ አይሆንም፣ እንዲያውም ጉዳቱን ያብሳል።

የባሕሩ በረዶም ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። የፀሐይን ብርሃን መልሶ ያንጸባርቃል፣ ሲረጋ የሚተወው ጨዋማና ከባድ ውሃም ወደ ጥልቁ ይሰጥማል። እ.ኤ.አ. በ2023 ክረምት፣ በሳተላይት መለካት ከተጀመረ ወዲህ ታይቶ በማይታወቅ ደረጃ መቀነሱ በእውነት ያሳስባል። የሚያሳስበው ግን በራሱ ምክንያት ነው። የሌላውን በረዶ ቁጥር ለምን ትለጥፉበታላችሁ?

እርማቱን ስህተቱ በወጣበት ቦታ፣ በዚያው የፊደል መጠን አውጡልኝ። ሰኞ ጠዋት ያቺ ተማሪ ያለችበት ክፍል እገባለሁ። ይዤላት መግባት እፈልጋለሁ።