ከወሎ ሴት ላይ የትኛው ኪሎ ይቀነስ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

በጤና አምዳችሁ ስለ ማህፀን መውጣት (ማህፀን ከቦታው ወርዶ በብልት በኩል ብቅ ማለቱ)፣ የወረደውን በመረብ ደግፎ ስለሚይዘው የሜሽ ቀዶ ሕክምናና ስለ ሰውነት ክብደት ያወጣችሁትን አነበብኩ። ውፍረት ቀንሱ ይላል። ልክ ነው። የሆድ ውፍረት ማህፀንን ደግፎ የያዘውን ጡንቻ ቁልቁል ይጫነዋል፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላም ቁስሉ በቀላሉ ያመረቅዛል። የቀነሰች ሴት የሽንት ማምለጡም ይቀልላታል። የወጣው ማህፀን ግን ስለከሳች ብቻ ተመልሶ አይገባም።

እኔ ደሴ ላይ አዋላጅ ነርስ ነኝ። እዚህም ሆነ ኮምቦልቻ ምክራችሁ በደንብ የሚመለከታቸው ሴቶች አሉ። ከደላንታ፣ ከአምባሰል፣ ከወረኢሉ ገጠር የሚመጡት እናቶች ግን አብዛኞቹ ቀጫጭን ናቸው። እነሱን ምን ቀንሱ ልበላቸው?

የነሱ ኪሎ ጀርባቸው ላይ ነው። አንድ ቢጫ ጀሪካን ውሃ ሲሞላ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ይመዝናል። ያንን አዝለው ዳገት ይወጣሉ። እንጨቱ አለ፣ ወፍጮው አለ። ስድስት ሰባት ልጅ የወለደች፣ በምጥ አድራ የዋለች ሴት፣ የአራስነት ጊዜዋን ሳትጨርስ ጀሪካኑን ታነሳለች።

ስትመጣ "ወገቤን ነው" ነው የምትለው። መቀነቷን አጥብቃ ታስራለች። አልጋ ላይ ስትወጣ ማህፀኗን መልሳ የወተፈችበት ጨርቅ ይገኛል፤ የወጣው አካል ከልብስ ጋር እየተፋተገ ቆስሏል። ለባሏ እንኳ አልነገረችም። ሽንቷ እያመለጠ ውዱእ የሚፈርስባት አለች፤ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ከውጭ ተሳልማ የምትመለስም አለች። ለቅሶ መድረስ የተወችም አለች፣ ይኼ በወሎ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለ ሜሹ ደግሞ ጽሑፋችሁ ትንሽ ቸኩሏል። በብልት በኩል የሚገባው የፕላስቲክ መረብ በአንዳንዶች ላይ ሥጋውን እየበሳ ወጥቷል፤ የማያቋርጥ ሕመምም አስከትሏል፤ ማውጣቱም ከባድ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2011 ከባድ ጉዳቱ ብርቅ እንዳልሆነ አስጠነቀቀ፤ በ2019 ለማህፀን መውጣት ተብሎ በብልት በኩል የሚገባውን ከገበያ አስወጣ። በሆድ በኩል የሚገባው ግን ዛሬም ይሠራበታል። ስለዚህ ቀዶ ሕክምና የተባለች ሴት "ሜሽ ነው ወይ?" ብላ አትቁም፤ "በየት በኩል ነው የሚገባው?" ትበል። ያለ መረብ በራሷ ሥጋ የሚሰፋም አለ። ቀዶ ሕክምና ላልፈለገችም በብልት ገብቶ ማህፀኑን ደግፎ የሚይዝ፣ ፔሳሪ የሚባል የሲሊኮን ቀለበት አለ፤ የሚገኝበትን ቦታ ብትጠቁሙ ደግ ነው።

ከተሰፋች በኋላ "ቢያንስ ለስድስት ሳምንት ከባድ ነገር እንዳታነሺ" ተብላ ትሸኛለች። እሺ፣ ውሃውን ማን ይቅዳ? ምክሩን የምንነግረው ለሷ ብቻ ነው፤ ባልየው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። እኔ አሁን አስገባቸዋለሁ። አንዳንዱ ያፍራል፣ አንዳንዱ "አህያ አለን እኮ" ይላል። ታዲያ እስከ ዛሬ አህያው የት ነበር?

በሚቀጥለው እትማችሁ ስለ ሸክም ጻፉልን። ሴቶች አምድ ውስጥ እንዳታስገቡት፤ ከስፖርቱ ገጽ አጠገብ አድርጉት።

አዋላጅ ነርስ፣ ከደሴ