አባዬ፣ ከመምጣትህ በፊት

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የጅማ ዝናብ ገና አልለቀቀንም። ለመስቀል እመጣለሁ ማለትህን እህቴ ነገረችኝ፤ ደስ ብሎኛል። ከመምጣትህ በፊት ግን የምነግርህ ነገር አለ። በስልክ ልልህ እያሰብኩ ወሬውን ወደ ልጆቹ አዞረዋለሁ።

መጀመሪያ መንገዱ። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና ከምትንገላታ በአውሮፕላን ና። ኤርፖርት ስትደርስ የፔስሜከሩን፣ የልብ ምት ማስተካከያህን፣ ካርድ ቀድመህ አሳይ። መፈተሻው በር ሥር ቆመህ ወሬ እንዳትጀምር። ግራ እጅህንም ሐኪሙ እስኪፈቅድ ከትከሻ በላይ አታንሳ። አውቅሃለሁ፣ ሻንጣህን ራስህ ካልሰቀልኩ ትላለህ።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቁ በቁመት ደርሶብኛል። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቋል፤ ለአያቴ ሳላሳይ አይበቅልም ትላለች።

እንግዲህ ልናገር። ወርክሾፕህን እየሠራሁበት ነው። መጋዙም መሮዎቹም ዘይት ተቀብተው ተቀምጠዋል፤ አንድም ዕቃ አልሸጥኩም። ጠረጴዛህ ላይ ያሉት ግን አሻንጉሊቶች ናቸው። ሪቦርን ይባላሉ። አዲስ የተወለደ ሕፃን እንዲመስሉ ተደርገው የሚሠሩ ናቸው፤ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተጀመረ ሙያ ነው። ከውጭ የተላከላቸው ሰዎች ቀለሙ ሲላላጥ ያመጡልኛል፣ እኔ አድሳለሁ። ማታ ማታ፣ ከሥራ መልስ። ለገንዘቡ አይደለም፤ እወደዋለሁ።

የድሮውን ቀለም በአሴቶን አጥቤ ባዶው ቪኒል እስኪቀር አወርዳለሁ፤ መስኮት ከፍቼ፣ ማስክ አድርጌ። አዲሱ ቀለም በሙቀት የሚደርቅ ነው። በስሱ ይቀባል፣ 130 ዲግሪ አካባቢ ለ8 ደቂቃ ያህል ኦቨን ውስጥ ይገባል፣ ይቀዘቅዛል፣ በላዩ ሌላ ይደረባል። (ኦቨኑ ለዚህ ብቻ ነው፣ ምግብ አይገባበትም።) መሀል ላይ መብራት ሲጠፋ እንዴት እንደምበሳጭ ብታይ! ከሥር ሰማያዊ የደም ሥር ይሳላል፣ ከላይ በስፖንጅ ጠብ ጠብ የተደረገ ቀይ። አብዛኞቹ የፈረንጅ ሕፃን ሆነው ነው የሚመጡት። አንዷን የእኛን መልክ ልሰጣት ስል ቡናማው አልነበረም ያስቸገረኝ። የጆሮዋ ጫፍ ጠቆር፣ መዳፏና የእግሯ ሥር ፈካ፣ የጣቶቿ መገጣጠሚያ ደግሞ እንደገና ጠቆር ማለት አለበት። ያ ካልተሟላ ቆዳ አይሆንም፣ ቀለም ሆኖ ይቀራል። ጠጉሯ ሞሄር ነው፣ የአንጎራ ፍየል ጠጉር፤ በመርፌ አንድ በአንድ ይተከላል። ሆዷ ውስጥ ደቃቅ የብርጭቆ ዶቃ አለ። ስታቅፋት ክብደቷ ክንድህ ላይ ያርፋል። አንገቷን ካልደገፍክ ጭንቅላቷ ወደ ኋላ ይወድቃል።

ወንድ ልጅ በአሻንጉሊት? እንደምትል አውቃለሁ። ብለኸዋልም።

ታስታውስ እንደሆነ እንጃ። ከዋንዛ ቁራጭ ለእህቴ አሻንጉሊት ቀርጬላት ነበር፤ ጭንቅላቱ እንጨት፣ ገላው ጨርቅ። ደንበኞችህ ፊት ከእጄ ወሰድከው። አገላበጥከው። በርጩማ ጨርሰህ እንደምታደርገው አፍንጫውን በአውራ ጣትህ ዳሰስከው። ከዚያ ሙጫው የሚፈላበት እሳት ውስጥ ወረወርከው። «አንተ ወንድ አይደለህም እንዴ!» አልከኝ። ሰዎቹ ሳቁ። ማቃጠልህ አይደለም ሆዴ ውስጥ የቀረው፤ ሌላ መቅረጽ እችል ነበር። መጀመሪያ በደንብ ማየትህ ነው። ጣትህ ምን እንዳገኘ አንድ ቀን ይነግረኛል እያልኩ ይኸው ሽበት አወጣሁ።

ውለታህን አልረሳሁም። ዩኒፎርማችንም ደብተራችንም ከዚያ በርጩማ ነው የወጣው። ከሻካራው የብርጭቆ ወረቀት ወደ ለስላሳው ሳይዘሉ በተራ መሄድንም ያየሁት ካንተ ነው። ቀለም ስደርብ እጄ የሚሄደው እንደዚያ ነው።

አንድ ነገር አደራ። የሚጠቡት ጎማ እንዳይወድቅ አንዳንዶቹ አሻንጉሊቶች ከንፈራቸው ውስጥ ማግኔት አላቸው። ማግኔት ፔስሜከርን ያውካል፤ ከ15 ሳንቲ ሜትር በላይ መራቅ አለበት። ከራሴዎቹ አውጥቻለሁ። የደንበኛ የሆኑት ላይኛው መደርደሪያ ላይ ናቸው፤ እነሱን ደረትህ ላይ እንዳታቅፍ።

እህቴ «እስኪመጣ አትንገረው» ብላኛለች። አልችልም፣ በሩ ላይ ቆመህ እንድትሰማው አልፈልግም። ሐኪሙ እንጨት መሸከምና ማሽን ላይ መቆም ቀርቷል ብሏል። ለጊዜው አይደለም፣ አባዬ። መሮዎቹን ዘይት ስቀባ የነበረው ይህን እያወቅኩ ነው።

ወንበርህን መስኮቱ አጠገብ፣ ብርሃን ያለበት ጋ አደርግልሃለሁ። አሻንጉሊቶቹን ሳታይ እንዳታልፍ። ካልወደድካቸው ንገረኝ፣ ምናቸውን እንዳልወደድክ ግን ለይተህ ንገረኝ። የምትነሳበትን ቀን ደውልልኝ፣ ኤርፖርት መጥቼ እቀበልሃለሁ። መድኃኒትህን እህቴ በእጅ ቦርሳህ ውስጥ ትክተትልህ።

ልጅህ፣ ከጅማ