እማዬ፣ ለጥያቄሽ መልስ

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ትንፋሹስ ተሻለሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ የሕክምና ተማሪዎቼም ደህና ናቸው።

ባለፈው «ሐኪም ጎበዝ ከሆነ ዘሩና ቀለሙ ምን ያደርጋል?» ብለሽኝ ነበር። በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ልጻፍልሽ አልኩ።

ጣትሽ ላይ የምትሰኪያት የኦክስጅን መለኪያ አለች አይደል? የምትሠራው በብርሃን ነው። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ አንዳንዴ ቁጥሩን ከፍ አድርጋ ታሳያለች። እ.ኤ.አ. በ2020 እዚህ አሜሪካ አንድ ጥናት ወጣ። መሣሪያዋ «ደህና» እያለች ደማቸው ውስጥ ግን ኦክስጅን ያነሳቸው ሰዎች፣ ከነጮቹ ይልቅ በጥቁሮቹ በኩል ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋሉ። የሚገርመው፣ ችግሩ ከዚያ በፊትም ይታወቅ ነበር። ብዙ የትምህርት ክፍል ውስጥ የሚያነሳው ሰው ግን አልነበረም። ስለዚህ ትንፋሽ ካጠረሽ በቁጥሩ ብቻ አትተማመኚ፣ ቶሎ ለሐኪምሽ ደውዪ።

በቀደም ደግሞ ስለ ቆዳ ኢንፌክሽን ሳስተምር መጽሐፉ «ቆዳው ቀይ ይሆናል» ይላል። አንዷ ተማሪዬ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን አሳየችን። «እዚህ ላይስ ምን ይመስላል?» አለች። ወይን ጠጅ ወይም ጠቆር ያለ ሊመስል ይችላል፤ ሙቀቱንና እብጠቱን በእጅ መዳሰስ ያስፈልጋል። የቀረውን ሰዓት በሙሉ እሱኑ ስንማር ዋልን። እሷ ባትኖር ነጮቹ ተማሪዎቼም ይህን ሳያውቁ ይመረቁ ነበር። የኔ መልስ ይኸው ነው እማዬ፤ ክፍሉ ውስጥ ማን እንደተቀመጠ፣ ሁሉም ምን እንደሚማር ይወስናል።

ጥቁር ሐኪሞች ጥቂት የሆኑት ጎበዝ ስላልሆኑ ነው እንዳትዪ። እ.ኤ.አ. በ1910 ፍሌክስነር የሚባል ሰው ስለ ሕክምና ትምህርት ቤቶች ሪፖርት አወጣ። ከዚያ በኋላ ጥቁሮችን ያስተምሩ ከነበሩት 7 ትምህርት ቤቶች 5ቱ ተዘጉ። ሃዋርድና መሃሪ የሚባሉት ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ዛሬም ጥቁሮች ከአገሩ ሕዝብ ከመቶ 13 ያህል ሲሆኑ፣ ከሐኪሞቹ ግን ከመቶ 6 ገደማ ብቻ ናቸው። ለማንም ደግሞ ፈተና አይቀልለትም። የፈቃድ ፈተናው ለሁሉም አንድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ሲቀበሉ ዘርን ከግምት እንዳያስገቡ ወሰነ። እኔን በጣም አሳስቦኛል። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እየሄድን ልጆቹን ደም ግፊት መለካት እናስተምራለን። ማመልከቻ አሞላልም እናሳያቸዋለን።

ያቺ ነርስ መሆን እፈልጋለሁ ያለችሽ የቤተ ክርስቲያናችሁ ልጅስ? ስልኬን ስጫት። ማታ ማታ ትደውልልኝ፤ ማመልከቻዋን አብረን እንሞላለን።

የምትወድሽ ልጅሽ