ቀለሃውን ማን አነሳው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሰሞኑን በከተማችን ስለደረሰው የተኩስ ጉዳት ባወጣችሁት ዜና መጨረሻ ላይ «ነዋሪዎች ከቦታው የሰበሰቧቸውን ቀለሃዎች ለፖሊስ በማስረከብ ትብብራቸውን አሳይተዋል» ይላል። ለምስጋና ብላችሁ እንደጻፋችሁት ይገባኛል። እኔ ግን በጥብቅና የምተዳደር ሰው ነኝና ሳነበው ደነገጥኩ።

ቃታ ሲሳብ መርፌው የጥይቱን ቂጥ ይመታል፤ ባሩዱ ሲቀጣጠል ደግሞ ቀለሃው በኃይል ወደ ኋላ ተገፍቶ ከደገፈው ብረት ጋር ይላተማል። በቂጡ መሃል ላይ ያለችው፣ መርፌው ሲመታት ባሩዱን የምታቀጣጥለው ካፕሱል ለስለስ ያለች ስለሆነች የዚያን ብረት ጭረት ትቀዳለች። ስቦ የሚያወጣው መንጠቆና አሽቀንጥሮ የሚጥለው ጥርስም የየራሳቸውን ጠባሳ ይተዋሉ። መርማሪው ከተጠረጠረው መሣሪያ ለሙከራ ተኩሶ፣ ሁለቱን ቀለሃዎች በማነጻጸሪያ ማይክሮስኮፕ ጎን ለጎን አድርጎ የሚያየው እነዚህን ነው። እንግዲህ ልጆች ከሳንቲምና ከብይ ጋር ኪሳቸው ከተው ሲያንቃጭሉት የዋሉት ቀለሃ ስንት አዲስ ጭረት እንደሚጨምር አስቡት።

ጭረቱ ቢተርፍ እንኳ ቦታው ጠፍቷል። ክላሽ ቀለሃውን ወደ ቀኝ፣ ከተኳሹ ሜትሮች አርቆ ነው የሚወረውረው፤ ስለዚህ የወደቀበት ቦታ ተኳሹ ከወዴት እንደቆመ ይጠቁማል። በእኛ በጎንደር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፦ እሁድ ለሰርግ ተተኩሶ፣ ማክሰኞ ለልቅሶ ተተኩሶ፣ ሐሙስ ሰው ቢመታ የትኛው ቀለሃ የየትኛው ቀን ነው?

በአንድ መዝገብ ላይ ኤግዚቢቱ በአንድ ፌስታል ተቋጥሮ ቀረበ። የክላሹም የሽጉጡም አብሮ ተደባልቋል፤ ምልክት የለው፣ ቁጥር የለው። የት የት እንደተነሱ ብጠይቅ ምስክሩ «ሕዝቡ ነው የሰጠን» አለኝ። ተከላካይ ነበርኩና ለደንበኛዬ ጠቅሞት ይሆናል፤ ለሟች ቤተሰብ ግን ምን ይባላል?

ጠበቃ ስለሆነ ነው እንዲህ የሚለው እንዳትሉኝ፣ ቀለሃ ንጹሑን ሰውም ያድናል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1929 ቺካጎ ውስጥ ሰባት ሰዎች ሲረሸኑ ከገዳዮቹ ከፊሎቹ የፖሊስ ልብስ ለብሰው ስለነበር ጣት ወደ ፖሊሶቹ ተቀሰረ። ካልቪን ጎዳርድ የተባለው ባለሙያ ከቦታው የተነሱትን 70 ቀለሃዎች መርምሮ ከሁለት ቶምሰን መትረየሶች መተኮሳቸውን ለየ፤ የፖሊሶቹ መሣሪያዎች ተፈትሸው አልገጠሙም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሚሺጋን ውስጥ አንድ ወንጀለኛ ቤት የተገኙት ሁለት ቶምሰኖች ግን ገጠሙ።

ይህን ስል ግን የባለሙያ ቃል ወንጌል ነው ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሳይንስ አማካሪዎች ይህ ምርመራ ስህተቱ ምን ያህል እንደሆነ የሚለኩ በቂ ጥናቶች እንደሌሉት ጽፈዋል። «መቶ በመቶ» የሚል ባለሙያ ሲገጥመኝ መስቀለኛ ጥያቄዬን አረዝማለሁ። ደግሞም ቀለሃ መሣሪያውን እንጂ እጁን አይናገርም። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ ያለ ፈቃድ እንዳይያዝ ቢደነግግም፣ እኛ ዘንድ ጠመንጃ ይወረሳል፣ ይዋሳል፣ ለአጃቢነት ከሰው ሰው ይዞራል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ዜናችሁ ምስጋናውን ትታችሁ ይህን ጻፉልን፦ ቀለሃ ያየ ሰው አያንሳ፤ ባለበት በስልኩ ፎቶ ያንሳው፣ ልጆችን ይከልክል፣ ፖሊስ እስኪደርስ አጠገቡ ይቁም። ዝናብ ከመጣ ሳይነካው ሳፋ ይድፋበት። ፖሊስም ሲያነሳ እያንዳንዱን ለብቻው በወረቀት ከረጢት አሽጎ፣ ቦታውንና ያነሳውን ሰው ስም ይጻፍበት።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ጠበቃ፣ ከአዘዞ፣ ጎንደር