ስለ ሱስ ፊልሙ፦ ብዙ የተወቀሰውና ሳይወቀስ የታለፈው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰሞኑን ደሴና ኮምቦልቻ ላይ በአዳራሽ ስለታየው አነስተኛ በጀት ፊልም ብዙ ሲባል ሰንብቷል። ፊልሙ የ17 ዓመት ልጅ በጫትና በአረቄ መሀል ሲጎረምስ ያሳያል። ግማሹ ተመልካች እያጨበጨበ ሲወጣ ግማሹ «ይሄ ፊልም ነው ወይስ ልምምድ?» እያለ ወጥቷል። ደጋግመው የሚነሱት ቅሬታዎች ይታወቃሉ፤ ይንዛዛል፣ ጫት አቃቃም ያስተምራል፣ የፍየሏና የቅዠቱ ነገር አይገባም፣ ልጁም መጨረሻ ላይ ሳይድን ይቀራል። የፊልሙን ስም ያልጠቀስነው ጉዳዩ ከአንድ ፊልም ስለሚሰፋ ነው። በእኛ እምነት ወቀሳው በአብዛኛው ያረፈው የፊልሙ ጠንካራ ጎን ላይ ነው። መወቀስ የነበረበት ትዕይንት ግን በሳቅ ታልፏል።

መንዛዛቱን እናስቀድም። ሰው የተሰላቸው መሀል ላይ ያለውን የአንድ ቀን ታሪክ ሲያይ ነው። ካሜራው ከቀኑ 7 ሰዓት ጀምሮ እስከ ማግሥቱ ረፋድ ከአንዲት የበርጫ (የጫት መቃሚያ) ክፍል ብዙም አይወጣም። «ምንም አይደረግም» የተባለው ይህ ክፍል በጥንቃቄ የተሠራ ነው። መጀመሪያ ወሬ የለም፤ ሁሉም አቀርቅሮ ቀንበጥ ይመርጣል። በጫት ውስጥ ያለው ዋናው አነቃቂ ካቲኖን ይባላል፤ በደም ውስጥ ከፍተኛው መጠን ላይ የሚደርሰው መቃም ከተጀመረ 2 ሰዓት ገደማ ቆይቶ ነው። በፊልሙም በወሬ ሆቴል የሚገነባው፣ ከብት የሚደልበው፣ ዱባይ የሚኬደው በዚያው ሰዓት ነው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራል። ከዚያ ዝም ዝም ይሆናል። አንዱ ጥርሱን ይነክሳል፣ ሌላው ግድግዳ ላይ ያፈጣል። ሲመሽ እንቅልፍ እምቢ ይላል፤ ያኔ ምርቃናውን፣ ያንን የጫት ሞቅታ፣ ለመስበር ጨብሲ የሚሉት መጠጥ ይመጣል። ልጁ አረቄ ውስጥ የገባው በጫት በር እንደሆነ ማንም በቃል አይናገርም፤ ሰዓቱ ራሱ ይናገራል። ይህን ቀን በሁለት ደቂቃ አሳጥሮ፣ ሙዚቃ ደርቦ ማሳለፍ ቀላል ነበር። ያኔ ግን ጨብሲ ከየት እንደመጣ ማንም አያውቅም ነበር።

ዳይሬክተሩ እዚህ ላይ ያጎደለው መጠኑን ማሳየት ነው። ልጁ በሩብ ሰዓት ውስጥ አራት መለኪያ ሲገለብጥ ብርጭቆዋ ትንሽ ስለሆነች ተመልካቹ እንደ አራት ጉንጭ ያልፈዋል። ዳግም አረቄ 45 በመቶ ገደማ አልኮል ሊኖረው ይችላል። 50 ሚሊ ሊትር የምትይዝ መለኪያ እንግዲህ 18 ግራም ያህል ንጹህ አልኮል አላት፤ 330 ሚሊ ሊትር የሆነ ባለ 5 በመቶ ቢራ ያለው 13 ግራም ነው። አራቱ መለኪያ ከአምስት ጠርሙስ ቢራ ይበልጣል ማለት ነው። ሻጯ ለ17 ዓመት ልጅ ስትቀዳ ማንም ቅር አለማለቱም ያሳዝናል። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ ክልክል ነው።

«ጨለማ ብቻ ነው የሚታየው» የሚለው ቅሬታ ከደሴ ይልቅ ኮምቦልቻ የበዛው በምክንያት ነው። ኮምቦልቻ ላይ ፊልሙ የታየው በቀን ነው፤ ሙቀቱ ደግሞ መስኮት ያስከፍታል። ፕሮጀክተር ብርሃን እንጂ ጥቁር ቀለም አይረጭም። ስክሪን ላይ ጥቁር ሆኖ የሚታየው ብርሃን ያላረፈበት ቦታ ነው፤ ስለዚህ በመስኮት የገባው ብርሃን ጥቁሩን ሁሉ ግራጫ ያደርገዋል። ግማሽ ያህሉ ሌሊት የሆነ ፊልም ደግሞ በግራጫ ውስጥ አይታይም። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ማሳየት ወይም መስኮቱን በወፍራም ጥቁር ጨርቅ መሸፈን ያስፈልጋል። ሙከራውም መግቢያው ላይ ባለው የቀን ትዕይንት ሳይሆን ከሁሉ በጨለመው መደረግ አለበት። ድምፁም እንዲሁ ነው። ለሠርግ የሚከራይ ትልቅ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ ያጎላል፣ ሹክሹክታን ይውጣል። ሚክሰሩ ላይ ቤዙን ዝቅ አድርጎ ኋላ ወንበር ላይ ሆኖ ማዳመጥ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

የፍየሏ ነገር ብዙ አከራክሯል። ከጫት ቤት ደጅ ገረባ (ቃሚ የጣለውን የጫት ቅጠል) የሚለቅሙ ፍየሎችን የማያውቅ ያለ አይመስለንም። ፊልሙ ከእነዚያ አንዷን ወስዶ በየምዕራፉ መግቢያ ያቆማታል፤ በልጁ ቅዠት ውስጥ ደግሞ ታናግረዋለች፣ ደረቱ ላይ ትወጣለች፣ ከአዝዋ ገደል ትገፈትረዋለች። አንዳንዱ ጂን ነው አለ፣ አንዳንዱ የዳይሬክተሩ መራቀቅ ነው አለ። ቃሚ ግን ወዲያው ያውቀዋል፤ ዱካክ ነው፣ ጫት ሲቀር የሚመጣ ቅዠት። አነቃቂ ነገር ሕልም የሚታይበትን የእንቅልፍ ክፍል ያሳጥራል፤ ሲቋረጥ አእምሮ የቀረበትን ሕልም አብዝቶ ይክሳል። መታፈን፣ መባረር፣ ከገደል መውደቅ የተለመዱ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ይከብዳሉ፣ እየዋለ እያደረ ይቀላል። ፊልሙን የምናደንቅበት ትልቁ ነጥብ ቀጥሎ ያለው ነው። ልጁ ጫት ሳያምረው፣ ፍየሏን ፈርቶ፣ ላለመተኛት ብቻ ይቅማል። በደስታ የጀመረ ሰው በፍርሃት እንደሚቀጥል በሌላ መንገድ ከዚህ በተሻለ ማሳየት ይቻል እንደሆነ እንጃ። ፍየሏ ትቆይ።

«ጫት አቃቃም ያስተምራል» የሚሉት አባቶችና እናቶች ስጋታቸው ከልብ እንደሆነ እናውቃለን። ደሴ ውስጥ ያደገ ልጅ ግን አቃቃም ለማወቅ ፊልም አይጠብቅም። የምርቃናውን ደስታ ደብቆ መከራውን ብቻ የሚያሳይ ፊልም ደግሞ ደስታውን የሚያውቀው ወጣት ዘንድ ከመጀመሪያው ይሸነፋል። ጉዳት የሚደርሰው ሌላ ሰው ላይ ነው፤ ጫት ያቆመው ላይ። ሱስን ያቆመ ሰው አእምሮ የዕቃውን መልክ፣ ድምፅና ሽታ ከደስታው ጋር አስሮ ያስቀምጣል፤ ሲያየው ሐራራው ይነሳል። ዙርባው (የጫቱ እስር) ሲፈታ የሚያሳየው ክሎዝ አፕ ከአንድ ደቂቃ በላይ ይቆያል። የኮባው ቅጠል ይገለጣል፣ ውኃ ያዘለው ቀንበጥ በመስኮቱ ብርሃን ያብረቀርቃል፣ አውራ ጣት ጫፉን ቀጨት ያደርጋል። እውነት ነው፣ ቀንበጡ በኮባ የሚጠቀለለው ካቲኖን ከተቀጠፈ በኋላ በ2 ቀን ገደማ ስለሚበላሽና እርጥበቱ መጠበቅ ስላለበት ነው። ያንን ለማሳየት ግን 20 ሰከንድ ይበቃል። ቀሪው ማስታወቂያ ይመስላል። በር ላይም «ጫት በቅርብ ርቀት የሚታይበት ትዕይንት አለ» ተብሎ ቢለጠፍ ያቆመው ሰው ለራሱ ይወስናል።

በዚሁ ክፍል የሥራ ጉድለትም አለ። ጫቱ የተወጠረበት ጉንጭ አንዴ ግራ፣ አንዴ ቀኝ ይሆናል፤ ወለሉ ላይ ያለው ገረባ ሰዓቱ በገፋ ቁጥር መብዛት ሲገባው ይቀንሳል። ትዕይንት በቅደም ተከተሉ ስለማይቀረጽ የሚመጣ ስህተት ነው። ከእያንዳንዱ ቀረጻ በኋላ የጉንጩንና የወለሉን ፎቶ በስልክ አንስቶ ማስቀመጥ ይህን ያስቀራል።

ሽማግሌዎች «ዱዓን ከበርጫ ጋር አመሳሰለው» ብለው ያነሱት ቅሬታ ግን ትክክል ነው። ፊልሙ አንድ አዛውንት ዱዓ ላይ ቅጠል የያዙበትን እጅ ያሳይና ቆርጦ በቀጥታ ልጁ በርጫ ቤት ቅጠል ወደ ያዘበት እጅ ይሄዳል። ሁለት ተመሳሳይ እጆች ሲገናኙ ተመልካቹ የሚያነበው «ሁለቱ አንድ ናቸው» የሚል ነው። የወሎ ዱዓ ሰዓት አለው፣ አባት አለው፣ ቡናና ዕጣን አለው፣ ምርቃት ተቀብሎ የሚነሱበት ጊዜ አለው። ልጁ ያለበት ክፍል ይህ ሁሉ የለውም። በሁለቱ እጆች መሀል አንድ የመንገድ ቀረጻ ቢገባ፣ ከደሴ ሰፈሮች ሙጋድም ይሁን አራዳ፣ ማመሳሰሉ ይቀራል፤ አዛውንቱም ከክሱ ነጻ ይሆናሉ።

መጨረሻውን በተመለከተ አጭር ነገር እንበል። ልጁ ጫት ትቶ ወራት ከቆየ በኋላ ተመልሶ ይቅማል፤ ፊልሙ እዚያ ያበቃል። «ታዲያ ምን ትምህርት ሰጠ?» ተብሏል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሱስ ምርምር ተቋም እንደሚለው ለሱስ ሕክምና ካገኙት ከ40 እስከ 60 በመቶ የሚሆኑት ይመለሱበታል፤ የደም ግፊትና የአስም ሕመምተኞችም ሕክምናቸው ላይ ተመሳሳይ ነገር ያጋጥማቸዋል። የደም ግፊቱ ሲነሳበት «አበቃለት» የሚባል ሰው የለም፤ መድኃኒቱ ይስተካከልለታል። ፊልሙ ልጁን በሞት አልቀጣውም፣ በሠርግም አልሸለመውም። ደግ አደረገ።

አሁን ወደ ጓዳው ትዕይንት እንሂድ። አጎትዬው ልጁን አረቄ ለማስተው ጓዳ ይቆልፍበታል። በሁለተኛው ቀን ልጁ ወድቆ ይንፈራገጣል። ጎረቤት ይሰበሰባል፤ አንዷ ክብሪት ጭራ አፍንጫው ሥር ትይዛለች፣ ሌላው በጥርሱ መሀል ማንኪያ ለማስገባት ይታገላል። ከጀርባ ፈጠን ያለ ማሲንቆ ይመታል፤ ሁለቱም ከተማ ላይ አዳራሹ ስቋል። በሦስተኛው ቀን ልጁ ፊቱን ታጥቦ ትምህርት ቤት ይሄዳል።

የሚያናድደው፣ ጸሐፊው ሰዓቱን በትክክል ማወቁ ነው። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም፣ ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ያቅለሸልሸዋል። የሚጥለው ከሆነ በአብዛኛው ከ12 እስከ 48 ሰዓት ባለው ነው። ከሁሉ የከፋው ግን ከዚያ በኋላ፣ ከ48 እስከ 96 ሰዓት ባለው ጊዜ ይመጣል፤ ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ የሚያወራውን አለማወቅ፣ የሌለ ነገር ማየት። ካልታከመ ይገድላል። ፊልሙ «ዳነ» ብሎ ትምህርት ቤት የላከው እንግዲህ አደጋው በሚብስበት ቀን ነው።

ጫትና አልኮል እዚህ ላይ ይለያያሉ፤ ፊልሙ ግን ቀላቅሏቸዋል። ጫት በአንድ ቀን ቢቆም ሰውነትን እንዲህ አይጥልም። ብዙ መተኛት፣ መራብ፣ መደበትና ዱካክ ያመጣል፤ መሞት የሚያሰኝ ድባቴ እንዳይሆን እየተከታተሉ ቤት ውስጥ ማሳለፍ ይቻላል። አልኮልን ግን ቆልፎ ማስተው አይቻልም። በሆስፒታል ዳያዜፓም በሐኪም ትእዛዝ እየተቀነሰ ለቀናት ይሰጣል። ቫይታሚን ቢ1 ደግሞ ከግሉኮስ በፊት መሰጠት አለበት። ቆይቶ የጠጣ ሰው ቢ1 ያንሰዋል፤ ግሉኮሱ ያለችውን ጨርሶ አእምሮን ሊጎዳ ይችላል። «ደክሞታል» ብሎ ቤት ውስጥ ግሉኮስ ማስቀጠል ለዚህ ነው የማይመከረው።

ሰው ሲወድቅ ክብሪቱ ምንም አይሠራም፤ ማንኪያው ጥርስ ይሰብራል፣ ትንፋሽ ይዘጋል። በዙሪያው ያለውን ስለት ያለውና ጠንካራ ነገር ማንሳት፣ ጭንቅላቱ ሥር ነጠላ ማድረግ፣ አንገቱ ላይ የጠበቀውን መፍታት፣ መንፈራገጡ ጋብ ሲል በጎኑ ማስተኛት፣ ሰዓት መያዝ፤ የሚደረገው ይህ ነው። እስኪነቃ ድረስ ውኃም አይሰጠውም። አልኮል ባቆመ ሰው ላይ ከሆነ ደግሞ አንዴ ቢሆንም፣ ቶሎ ቢያልፍም፣ ሆስፒታል መሄድ አለበት።

ፊልሙ ይከልከል አንልም፤ ወጣቱ እንዲያየው እንፈልጋለን። የምንጠይቀው ኤዲተሩ በአንድ ቀን የሚጨርሰውን ሥራ ነው። ማሲንቆው ይውጣና የወለሉና የትንፋሹ ድምፅ ብቻ ይቅር፤ ሳቁን የጠራው ዜማው እንጂ ልጁ አይደለም። «ሦስተኛ ቀን» የሚለው ጽሑፍ ይውጣ፤ ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት የሆስፒታል አልጋ የሚያሳይ አንድ ቀረጻ ይግባ። ተመልካች ስም ዝርዝሩ ሲጀምር ስለሚነሳ ከዚያ በፊት በጥቁር ላይ በነጭ ለ12 ሰከንድ ይህ ይጻፍ፦ «በየቀኑ አልኮል የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ሊጥለው፣ ሊሞትም ይችላል። አትቆልፉበት፤ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።»

አዘጋጆቹም ከፊልሙ በኋላ ውይይት የሚያደርጉ ከሆነ ከደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አንድ ባለሙያ ይጋብዙ። ከሱስ የወጣ ወጣት ግን ለምስክርነት መድረክ ላይ አይጠራ፤ በማግሥቱ ቢመለስበት ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ኮምቦልቻ ላይ በድጋሚ ይታያል ስለተባለ ይህ ከዚያ በፊት ቢደርሳቸው በማለት ጽፈናል።

ከአንድ የፊልም ኤዲተርና ከአንዲት የአእምሮ ጤና ባለሙያ
ደሴ